የጠላቂው የእግር አምባር

አንድ ሉል ጠላቂ ነበረ። ስሙ ሐንፈሬ ይባላል። የሚኖረው በቀይ ባሕር ውስጥ፣ ዝናብ በማያውቃት፣ ከድንጋይና ከጨው በቀር ብዙ ነገር በሌላት ትንሽ ደሴት ነበር። በዚያች ደሴት ለወንድ ልጅ ሁለት ሥራ ብቻ አለ፤ ወይ ዓሣ ያጠምዳል፣ ወይ ሉል ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወለል ይጠልቃል። የሐንፈሬ አባት ጠላቂ ስለነበር እሱም ጠላቂ ሆነ።

አጠላለቁ እንዲህ ነው። ጠላቂው አፍንጫውን ከቀንድ በተሠራ መቆንጠጫ ይይዛል። ወገቡን በገመድ ይታሰርና እግሩን ከባድ ድንጋይ ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ስቦ ይወርዳል። የገመዱን ሌላ ጫፍ ጀልባ ላይ የቀረ ሰው ይይዘዋል። ጠላቂው ከታች ሦስት ጊዜ ሲጎትት ያ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ስቦ ያወጣዋል። ምልክት ሳይሰጥ ግን ማንም አይስብም፤ ገመዱ ከታች ድንጋይ ላይ ተጠምጥሞ ከሆነ ሰውየውን ሊጎዳው ይችላልና። ገመድ ያዡም እንዲሁ ከመንገድ የተገኘ ሰው አይደለም። የጠላቂው የሚስት ወንድም መሆን አለበት። እህቱ መበለት እንዳትሆንበት የሚፈራ ሰው እጁ ቢደማም ገመዱን አይለቅም ብለው ያስባሉ። የሐንፈሬን ገመድ የሚይዘው የሚስቱ የአሲያ ታናሽ ወንድም ዳርሳ ነበር። ዳርሳ ገና ስላላገባ፣ እሱ በተራው ሲጠልቅ ደግሞ ሐንፈሬ ይይዝለታል። ዳርሳ ሳቂታና ቀልደኛ ነው፤ ከባሕሩ ሲወጣ እንኳ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ ማሾፍ ይጀምራል።

ሐንፈሬ አሥራ አንድ ዓመት በደኅና ጠለቀ። በእነዚያ ዓመታት ሻርክ አላየም ማለት አይደለም። አይቷል፤ ግን ሁልጊዜ ከሩቅ፣ እንደ ጥላ ሲያልፍ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት አጠገቡ ከቆመች ጀልባ የጠለቀ አንድ ጎረቤቱ ሳይወጣ ቀረ። ሰዎቹ ገመዱን ሲስቡት ቀሎ መጣላቸው። ሐንፈሬ ሻርኩን አላየውም። ያየው ውሃው ቀለሙን ሲለውጥና ገመድ ያዡ ባዶውን ገመድ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ሲቀር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባበት። ምግብ ሲበላ ይፈራል፤ ውሃ ሲጠጣ ይፈራል፤ ጠዋት ወደ ጀልባዋ ሲሄድ ይፈራል። ሥራውን እንዳይተወው ከመጥለቅ በቀር የተማረው ሥራ የለም።

ስለዚህ ወደ ቀጥቃጩ ሄደ። ቀጥቃጩ አታላይ ሰው አልነበረም። ጠላቂዎች ከክፉ ነገር ይጠብቀናል ብለው እግራቸው ላይ የሚያስሩትን የብረት አምባር ከአባቱ ጀምሮ የሚሠራ፣ በሥራውም ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። የሐንፈሬን ፊት ሲያይ አዘነለትና ለአንተስ ተራው አምባር አይበቃህም አለው። ብረትና መዳብ አንድ ላይ ገመደ፤ ብረቱ ለጥንካሬ፣ መዳቡ ለብርሃን ነው እያለ። ከዚያ እግሩ ላይ አጥልቆ ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጦ ዘጋው። አምባሩ ከተዘጋ አይወልቅም፤ ከወለቀ ኃይሉ ይጠፋል አለው።

በሳምንቱ ሻርክ መጣ። ሐንፈሬ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ዛጎል ሲለቅም፣ አንድ ግራጫ ነገር ከበስተኋላው ደርሶ ቁርጭምጭሚቱን ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ራሱን ወዲያና ወዲህ ወዝውዞ ተመለሰ። ሐንፈሬ ሲወጣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ አምባሩ መለሰው፣ አምባሩ ባይኖር አልቆልኝ ነበር እያለ ለዳርሳ ነገረው። ዳርሳ ሳቀ።

«ጌጥህን ሊያይ ነው የመጣው» አለው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያላየህ፣ ዛሬ አምረህበት ነው።»

ሐንፈሬ ግን አልሳቀም። በሦስት ወር ውስጥ ሻርክ አራት ጊዜ ቀረበው። በቀረበው ቁጥር ሐንፈሬ አምባሩ አዳነኝ አለ። በቀረበው ቁጥርም አምባሩ አልበቃም አለ። ሁለቱ ሐሳቦች ጭንቅላቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አልተጣሉም። የአምባሩ ብረት ደግሞ በማይታመን ፍጥነት እየተበላ ሄደ። ሌላው ጠላቂ ያሰረው ተራ ብረት ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ፣ የእሱ ከመዳብ ጋር የተገመደው በሦስት ወር ሳስቶ ተሰበረ። ቀጥቃጩ ስብርባሪውን አገላብጦ አየና፣ ይኸውልህ፣ አንተን ሊበላ የነበረው ባሕር በአንተ ፈንታ ብረቱን በላልህ አለው። ሐንፈሬ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። ስብርባሪውን በጨርቅ ቋጥሮ ወገቡ ላይ አሰረ፤ በሁለቱም እግሮቹ ላይ ወፋፍራም አዲስ አምባር አስቀጠቀጠ።

ሰው የሚወደው ሲኖረው ፍርሃቱ ለራሱ ብቻ አይበቃውም። ሐንፈሬ ለዳርሳም አምባር አሠራ። ዳርሳ እንቢ አለ፤ ዘጠኝ ዓመት ባዶ እግሬን ጠልቄያለሁ፣ አንድ ቀን የተጠጋኝ የለም ብሎ ተከራከረ። ሐንፈሬ በአሲያ በኩል መጣበት። አሲያ ወንድሟን እግሩን ይዛ አለቀሰች፤ አንተን ቀብሬ ደግሞ ባሌን ልቅበር ወይ አለችው። ዳርሳ እህቱ ስታለቅስ መቆም አይችልም። ሄዶ እግሩን ለቀጥቃጩ ሰጠ። ሲመለስም በመንደሩ መሐል እግሩን እያነሳ፣ እንደ ሙሽራ አጊጬላችኋለሁ፣ የቀረኝ ባል ብቻ ነው እያለ ሰውን አሳቀ።

ከዚህ በኋላ ሃያ ቀን አለፈ። በሃያ አንደኛው ቀን የሐንፈሬ ጆሮ መግል ቋጥሮ ስለነበር ከጀልባዋ ቀረ። እሱን ተክቶ ገመዱን የጀልባዋ አለቃ ለዚያ ቀን ብቻ ሊይዝለት ተስማምቶ ዳርሳ ወደ ባሕር ወጣ። ሐንፈሬ ቤት መቀመጥ ቢያስጨንቀው፣ አያ ጋዓስ ወደሚባሉ ሽማግሌ ሄደ። አያ ጋዓስ በጉብዝናቸው ሻርክ አጥማጅ ነበሩ። አሁን አርጅተው፣ ባሕሩ ዳር ባለ የድንጋይ አጥር ውስጥ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረውን ዓሣ እየለቀሙ ይኖራሉ።

የዚያን ቀን አጥሩ ውስጥ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ሻርክ ታግቶ ቀርቷል። ሐንፈሬ ሲያየው ድንጋዩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ሳቁበት። ይህ እንኳን ሰው ዶሮም አይበላ፣ ና ውረድና መረቡን ያዝልኝ አሉት። ሐንፈሬ እንደ ምንም ብሎ አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ።

ሻርኩ በወዲያኛው በኩል ዓሣ ሲያሳድድ ነበር። ዞሮ በአጥሩ ሥር ሥር እየዋኘ መጣ። ሐንፈሬ እግር ዘንድ ሲደርስ የማይታይ እጅ አንገቱን የያዘው ይመስል በድንገት ታጠፈና አምባሩን በአፍንጫው መታው። ሐንፈሬ ጮኾ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ግን መሳቃቸውን ተዉ። ዝቅ ብለው እግሩን አዩ። ብረት ብቻ ነው ወይስ ሌላ አለበት ብለው ጠየቁ። ሐንፈሬ መዳብ እንዳለበት ነገራቸው። ሽማግሌው፣ የወለቀ የለህም ወይ አሉት። ወገቡ ላይ የቋጠረውን ስብርባሪ እየሳሳ ሰጣቸው።

አያ ጋዓስ ውሃው ውስጥ ገቡ። በአንድ በኩል ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው አሸዋ ውስጥ ቀበሩ። በሌላ በኩል ስብርባሪውን እንዲሁ በጨርቅ ጠቅልለው ቀበሩ። አሸዋውን በእጃቸው ደልድለው ወጡ፤ ከላይ ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ሁለቱም ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ሻርኩ ዞረ። ድንጋዩ በተቀበረበት ላይ ሳይቆም አለፈ። ሌላውም ላይ የሚያልፍ መሰለ፤ ከዚያ ጅራቱን መትቶ ታጠፈ፣ ዓይኑን ከደነ፣ አሸዋውን ነከሰ። አፉ አሸዋ እስኪሞላ ነከሰና ጨርቁን ከነስብርባሪው ይዞ ራሱን አራገፈ።

ሐንፈሬ ጎንበስ ብሎ በገዛ እግሮቹ ላይ ያሉትን አምባሮች አየ።

«በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ውሃ ውስጥ ድምፅ አለው» አሉ አያ ጋዓስ። «ጆሮ የሚሰማው ድምፅ አይደለም። ልብ ስትመታ፣ ሥጋ ሲንቀሳቀስ፣ ውሃው ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ይሄዳል። ሻርክ አፍንጫው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ሞልቷል፤ ስትጫነው ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል። በዚያ ነው የሚያውቀው። ጠፍጣፋ ዓሣ እስከ ዓይኑ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዝም ቢል እንኳ ያገኘዋል።»

«ብረት ግን ሕይወት የለውም፣ አያ ጋዓስ።»

«ብቻውን ሲሆን ብዙም አይናገርም። ጨው ውሃ ውስጥ ከመዳብ ጋር ስታጋባው ግን ይናገራል። እኔ በጉብዝናዬ የብረት መንጠቆዬን በመዳብ ሽቦ ስጠግን፣ ምንም ሳላንጠለጥልበት ሲነክሱት እያየሁ ይገርመኝ ነበር። ብረቱ ለምን ቶሎ አለቀ መሰለህ? እየተናገረ ነው ያለቀው።»

ሐንፈሬ፣ ከስንት ርቀት ይሰማዋል ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም አሉ። ከሩቅ የሚመጣው ጠረን አሽትቶ ወይም ድምፅ ሰምቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቶህ፣ አሽትቶህ ይተውሃል። ሊነክስ ሲቀርብ ግን ዓይኑን ይከድናል። ያን ጊዜ ወዴት እንደሚዞር የሚነግረው ያ ቀጭን ነገር ነው። ሊተውህ የነበረውን፣ እግርህ ላይ ያለው ና ይለዋል አሉት።

ሐንፈሬ ከዚህ በኋላ የሰማው ነገር የለም። ዓይኑ ላይ የመጣው የዳርሳ እግር ነው። እሱ ራሱ አምባር ያሠራለት፣ እህቱን አስለቅሶ ያስጠለቀለት።

በሽማግሌው ትንሽ ጀልባ ወጡ። አያ ጋዓስ ቀዘፉ፤ ሐንፈሬ በሽማግሌው ሞረድ አምባሮቹን መሞረድ ጀመረ። አንዱን ቆርጦ ጣለ። ሁለተኛው ከግማሽ ሳያልፍ የዳርሳ ጀልባ ዘንድ ደረሱ። ዳርሳ ከታች ነበር። የጀልባዋ አለቃ ገመዱን ይዞ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ሐንፈሬ ሳብ፣ አውጣው አለው። አለቃው፣ ዳርሳ ገና ምልክት አልሰጠም፣ ሥርዓት አታፍርስ ብሎ ከለከለው። ሐንፈሬ ገመዱን ነጥቆ ሳበው። ገመዱ አልመጣም። ከታች ድንጋይ ይዞታል። ቀና ሲል ከጀልባዋ በስተግራ፣ ውሃው ሥር ግራጫ ጥላ ሲያልፍ አየ። ጥላው ወደ ታች ወረደ።

ሐንፈሬ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። እግሩ ላይ ገና አንድ አምባር አለ። ሲጠልቅ ወደ ራሱ እየጠራ እንደሚጠልቅ ያውቃል። ከዚያ ዳርሳን አሰበና መቆንጠጫ እንኳ ሳይዝ፣ ጀልባዋ ላይ የነበረ የመጥለቂያ ድንጋይ አቅፎ ገባ።

ወለሉ ላይ ዳርሳ ጀርባውን ሰጥቶ ዛጎል እየለቀመ ነበር። ምንም አላወቀም። ሐንፈሬ ገመዱ የተያዘበት ድንጋይ ጋ ደርሶ ሲያላቅቀው፣ ሻርኩ ከአሸዋው ጋር ተመሳስሎ በዝግታ መጣ። ዳርሳን ያለፈው መሰለ። እግሩ አጠገብ ሲደርስ ታጠፈ። ዓይኑን ሲከድን ሐንፈሬ አየው። ሻርኩ የዳርሳን አምባር ከነተረከዙ ነከሰ። ውሃው ደፈረሰ፤ ሻርኩ ራሱን አራገፈ፤ ጥርሱ ብረቱ ላይ ተሰበረና ለቀቀ። ሐንፈሬ ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተተ። ከላይ አለቃውና ሽማግሌው አንድ ላይ ሳቡ፤ ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው ወጡ።

ዳርሳ ተረከዙ ተቦጭቋል፤ ነፍሱ ግን አለች። የባሕሩ ዳር በሰው ተሞላ። ሰዎቹ እግሩን ሲያጥቡት፣ በተገመደው ብረትና መዳብ መሐል የተሰካ የሻርክ ጥርስ አገኙ። ያን ጊዜ ጉድ ተባለ። አምባሩ ባይኖር እግሩ ሄዶ ነበር አሉ። ቀጥቃጩ ከደስታው ብዛት አለቀሰ። ሐንፈሬ ቆሞ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አያ ጋዓስም በአጥራቸው ውስጥ ያዩትን ተናገሩ። ሰዉ በትዕግሥት ሰማቸውና፣ እናንተ አየን የምትሉትን አላየንም፣ ጥርሱን ግን ይኸው እናየዋለን አላቸው። በማግስቱ ቀጥቃጩ ቤት ደጃፍ ላይ ጠላቂዎች ተሰልፈው ዋሉ። ሁሉም ከብረትና ከመዳብ የተገመደውን ፈለጉ።

ዳርሳም ተኝቶ ሳለ፣ ቁስሌ ሲድን ለሌላኛው እግሬ አንድ አሠራልኝ ብሎ ሐንፈሬን ለመነው። ቀልድ አልነበረም። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ዘጠኝ ዓመት ባዶ እግርህን ስትጠልቅ ስንት ጊዜ ቀረበህ?» አለው ሐንፈሬ።

ዳርሳ፣ አንድም ቀን አልቀረበኝም አለ።

«ካሰርከው በኋላስ?»

«ሃያ አንድ ቀን ነው። አንድ ጊዜ።»

«ያን አንዱን ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። ስለፈራሁ ነው። ብትጠላኝ አልፈርድብህም። ያንን አስረህ የምትጠልቅ ከሆነ ግን ገመድህን አልይዝም።»

በዚያች ደሴት ይህን ቃል ለሚስቱ ወንድም የተናገረ ሰው ታይቶ አያውቅም። እህቱን ፈታሁ ከማለት አይተናነስም። በሩ ላይ የቆመችው አሲያ አፏን በእጇ ያዘች። ዳርሳ ፈርቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ግን በሁለት እጆቹ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ያዘና፣ አምባሩ ያለበትን እግሩን ከነፋሻው ወደ ሐንፈሬ ገፋለት። ቶሎ በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር አለው። ሐንፈሬ ሞረዱን አነሳ።

ዳርሳ ከዳነ በኋላ አብረው ወጡ። ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ከሌሎች ጀልባዎች ሰዎች እግራቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። መጀመሪያ የጠለቀው ሐንፈሬ ነው። ወለሉ ላይ ሆኖ እግሩ የእሱ እስከማይመስለው ድረስ ቀለለው። በሩቅ አንድ ግራጫ ነገር አለፈ። ሐንፈሬ ልቡ ስትመታ ሰማት፤ እሷም በውሃው ውስጥ እንደምትናገር አሁን ያውቃል፤ ልብን ደግሞ በሞረድ ቆርጦ መጣል አይቻልም። አልተንፈራገጠም፣ አልሸሸም። ጥላው ቆየት ብሎ፣ ሳይቀርበው ሄደ። ሲወጣ ዳርሳ፣ ፈርተህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አሁንም እየፈራሁ ነው» አለ ሐንፈሬ። «ና፣ ተራው ያንተ ነው። ገመዱን ይዣለሁ።»

መፍራት ነውር አይደለም። ልብ ያለው ሁሉ ይፈራል፤ ባሕሩም እውነተኛ ሻርክ አለበት። ክፉው ነገር፣ ፍርሃታችን ያስጠለቀንን ነገር ጠባቂ ብለን መጥራታችን ነው። አደጋው ሲቀርበን ጠባቂዬ አነሰ ብለን እንጨምራለን እንጂ፣ አደጋውን የሚጠራው ይህ ነገር ነው ወይ ብለን አንጠይቅም። ስንተርፍ ደግሞ አዳነን ብለን ለምንወዳቸው ሰዎች እናስጠልቃለን። ከክፉ ይጠብቀኛል ብላችሁ ይዛችሁ የምትዞሩት ነገር ካለ፣ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቁጠሩት፦ እሱን ከመያዛችሁ በፊት ክፉው ስንት ጊዜ መጥቶባችሁ ነበር? ከያዛችሁት በኋላስ?